ሁለት ቃል ወደኋላ

ጎተንበርግ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለመሪጌታ ፍሬ ስብሐት
ባሕር ዳር

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ጉባኤዎ ከተማሪ አይጉደል። እኔና ልጆቼ ጤና ነን። ብርዱ ዘንድሮ ከብዷል፤ ጠዋት ትራሙን ከማስነሳቴ በፊት በበሩ ላይ የጋገረውን በረዶ በእጄ ነው የማስለቅቀው። በስልክ ብጠይቅዎት ይቀለኝ ነበር። ስልክ ላይ ወሬ አይያዝልኝም ስለሚሉ ግን ይኸው እንደ ልማዳችን ጻፍኩ። ልጅዎ ርሆቦት ቢሮዋ አትማ ታመጣልዎታለች።

ነገሩ ስለ ጥዑመ ልሳን ነው። ደልጊ ከአያቴ ዘንድ ዜማ ተምሮ፣ ኋላ ክራሩን ይዞ አዲስ አበባ የገባውን ዘፋኝ ለእርስዎ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ዘፈኖቹን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አሮጌ ካሴት የሚሰበስብ አንድ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን፣ በ1978 ያወጣውን «የደንገል ገመድ»ን፣ ኢንተርኔት ላይ ጫነው። ካሴቱ አንዴ ታትሞ የቀረ ነው፤ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ወዲያው ስለተዘጋ ደግሞ ያባዛው የለም። እኔም ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

አምስተኛው ዘፈን ላይ አንዲት ሴት ትቀበለዋለች። መጀመሪያ እሱ አንድ ቤት ይላል፤ ቀጥሎ እሷ ያንኑ ስንኝ ብቻዋን ትለዋለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ሳትቸኩል ነው የምትዘፍነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ «ተቀባዮች» ይላል እንጂ ስም የለም። አንድ ቦታ ላይ ካሴቱ ትንሽ ይዘላል፣ ሌላው ግን ንጹሕ ነው።

በዚያ ዓመት እናቴ አዲስ አበባ እንደነበረች ያውቃሉ። ያሳደገችኝ የአባቴ እኅት «እናትሽ አደይ ካገሯ ልጅ ጋር አንድ ጊዜ ካሴት ላይ ዘፍናለች» ስትል ሰምቻለሁ። የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቃት ሞተች። አባቴም የለም። ጥዑመ ልሳንም ካረፈ ቆየ።

እናቴ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር። ፎቶዋ አለኝ፤ ነጠላዋ አለኝ። ድምፅዋን አላውቀውም። ልጆቼ የካሴቷን ሴት ሰምተው «ያንቺን አይመስልም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የእኔ ወፍራም ነው፣ ትራሙ ውስጥ በማይክ ስናገር ተሳፋሪው ወንድ የሚነዳ ይመስለዋል።

እናቴ ስትናገር የሰማ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ዘፈኑን ለርሆቦት ልኬላታለሁ። ሰምተው «ናት» ወይም «አይደለችም» ይበሉኝ። አንድ ቃል ትበቃኛለች።

የእኅትዎ ልጅ
ሥርጉት


ባሕር ዳር፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለሥርጉት

የአባቶቻችን አምላክ በወጣሽበት ይከተልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ያብቃልሽ። እኔ ስለ ቸርነቱ ደህና ነኝ። ሐይቁ ዳር ያለው እምቦጭ እንደገና ተስፋፍቷል። ከደልጊ የመጣ ሰው ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ከአረሙ ሲፈቱ ይውላሉ ብሎ አጫወተኝ። ተማሪዎቼ ዘንድሮ በዝተዋል።

ደብዳቤሽን ርሆቦት አምጥታልኝ አነበብሁ። ልጄ፣ ጾሙ ገብቷል። በዐቢይ ጾም እኛ ከበሮውንና ጸናጽሉን ሰቅለን በመቋሚያ ብቻ ነው የምንቆመው። ይህን አስተምሬ ወጥቼ ክራር ሳዳምጥ ተማሪዎቼ ቢያገኙኝ ምን ይሉኛል? ከትንሣኤ በኋላ ያድርሰን።

ዐይኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊደሉን ይደባልቅብኛል። የምታውቂው ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካለ የንባብ መነጽር ብትልኪልኝ እመርቅሻለሁ።

አጎትሽ
መሪጌታ ፍሬ ስብሐት


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። መነጽሩን ወደ ባሕር ዳር ለሥራ ለሚሄድ መሐንዲስ ሰጥቼዋለሁ፤ ኪሩቤል ይባላል፣ ቢሮ ድረስ ለርሆቦት ያደርስላታል። ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚመችዎትን ይያዙ።

ጾሙም ወጣ። እስካሁን ጠበቅኩ፤ ጾም ነውና ቅር አላለኝም። አሁን ግን ዘፈኑን ይስሙልኝ። ረጅም አይደለም፤ የሴቷ ድርሻ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ሥራ ስወጣና ስገባ እሰማዋለሁ። ናት ብዬ ልደሰት ስል አይደለችም ቢሉኝስ እላለሁ፤ አይደለችም ብዬ ልተወው ስል ደግሞ እንደገና እከፍተዋለሁ። ልጆቼ ሰልችቷቸው «ማናት?» ማለት ትተዋል።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ሥርጉት


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሥርጉት

ሰላመ እግዚአብሔር ከቤትሽ አይራቅ። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ዐይንሽን አይንሳሽ። ወፍራሙን ወሰድሁ። ቀጭኑን ለመምህር ወልደ ሐዋርያት ሰጠሁት፤ እሱም ከእኔ ጋር ነው የሚያስተምረው፣ ላንቺ ምርቃት ልኳል።

ጉልበቴን ስላመመኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብቼ መጣሁ። መንገዱ ያደክማል፤ ውሃው ግን ደህና ነው። ዝናቡ ቶሎ ያዘን። የግቢያችን አጥር ባንድ በኩል ወድቆ ርሆቦት ቆርቆሮ አስመትታለታለች። ሥራ ቦታዋም እድገት አግኝታለች፤ ለእኔ ሳትነግረኝ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።

ያልሽኝን ዘፈን ርሆቦት ከፍታልኝ ሰማሁት። ደህና ዘፈን ነው። ክራሩ መልካም ነው። ጥዑመ ልሳን ተማሪ ሳለ እንደነበረው ነው፣ ድምፁን ከደረቱ ያወጣል። ሴቷን በተመለከተ ካሴቱ ተበልቷል መሰለኝ፣ አይለይም። አንቺም ይዘላል ብለሻል።

ክረምቱ ከበድ ሳይል የሚደረብ ካፖርት ብታገኚ አሮጌም ቢሆን ግድ የለኝም።

አጎትሽ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጤና ይስጥልኝ። ካፖርቱን እልካለሁ።

ካሴቱ አልተበላም። እዚህ በማዳመጫ ስሰማው ሴትዮዋ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማኛል። አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚዘለው፣ እሱም ወዲያው ይስተካከላል። ምናልባት የርሆቦት ስልክ ይሆናል ብዬ ደውዬ ጠየቅኳት። «የእኔ ስልክ ምን ሆነ? ሴቷ ከሱ ይልቅ ጥርት ብላ ትሰማለች» አለችኝ። እሷ የሰማችውን እርስዎ እንዴት አልሰሙትም?

አጎቴ፣ አንድ ነገር በድፍረት ልጠይቅዎት። የመሪጌታ እኅት፣ የየኔታ ልጅ ዘፋኝ ነበረች እንዳይባል ብለው ከሆነ ለማንም አልናገርም። እዚህ እናቴን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ብናገርስ ማን ይሰማኛል? የእርስዎ ስምም አይነሳም። ይህ ከሆነ ይህ ነው ይበሉኝና ልረፍ።

«አይለይም» ግን መልስ አይሆነኝም። ድምፅ ሲለዩ የኖሩ ሰው ነዎት። አርባ ተማሪ ባንድ ላይ ሲጮህ የሳተውን ነጥለው «አንተ!» እንደሚሉ ርሆቦት ነግራኛለች።

ሥርጉት


ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሥርጉት

እንደምን ሰነበትሽ። ደብዳቤሽን ካነበብሁት ቆየሁ፤ ብዕር ሳነሳ እየተናደድሁ ተውሁት።

በእኅቴ አላፈርሁም። በአደይ ያፈርሁበት ቀን የለም። አባታችንም ቢሆኑ መዝፈኗን ሰምተው ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ያ ካሴት በወጣ ሰሞን እዚህ ባሕር ዳር በየሻይ ቤቱ ይጮህ ነበር፤ እኔ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝና ሻይ ቤት አልገባሁም፣ አልሰማሁትም። እንዲህ ነው የኖርነው። ያን ከሐፍረት የቆጠርሽው አንቺ ነሽ።

ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላ ይታወቃል ብለሽ ነው? የሰው ድምፅ በማይክ ውስጥ ሲያልፍ ይለወጣል። ብሳሳትስ? ናት ብዬሽ ሌላ ሴት ብትሆን፣ የማታውቂያትን ሴት እናቴ ብለሽ ልትኖሪ ነው? ልጄ፣ ተይው። ፎቶዋ አለሽ። ጸሎት አድርጊላት፤ ስመ ጥምቀቷ ወለተ ጊዮርጊስ ነው።

ፍልሰታ ሊገባ ነው። ለሱባኤ ወደ ደሴቱ ገዳም ስለምሻገር ለጊዜው አትጻፊልኝ።

ፍሬ ስብሐት


ጎተንበርግ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ

አትጻፊ ቢሉኝም ጽፌያለሁ። ከደሴቱ ሲመለሱ ያነቡታል።

ተይው አሉኝ። ምኑን ልተው? መቼ ያዝኩትና? እርስዎ ከእሷ ጋር አድገዋል፣ ተጣልታችኋል፣ ስም አውጥታችሁ ተሰዳድባችኋል። ከሞተች በኋላም ድምፅዋ እርስዎ ዘንድ ቀርቷል። እኔ ዘንድ ምንም አልቀረም። ምንም ከሌለው ሰው ላይ «ተይው» ተብሎ የሚወሰድ ነገር ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ብሳሳትስ ብለዋል። ይሳሳቱ! «ትመስለኛለች» ይበሉኝ። «ልቤ አይደለችም ይለኛል» ይበሉኝ። ጾም ነው አሉኝ፣ ጠበቅኩ። ካሴቱ ተበልቷል አሉኝ፣ አልተበላም። ድምፅ ይለወጣል አሉኝ፤ የጥዑመ ልሳንን ከተማሪነቱ ጋር አመሳስለው የጻፉልኝ ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት። የእሱ ሳይለወጥ የእሷ ብቻ እንዴት ተለወጠ?

ካፖርቱን ልኬያለሁ። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልግዎትን ለርሆቦት ይንገሯት፣ እሷ ትነግረኛለች። በደብዳቤ የምንነጋገረው ያለ አይመስለኝም።

ሥርጉት


ባሕር ዳር፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለሥርጉት

ዘመኑን የምሕረት ያድርግልሽ። ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ስትቀመጪ አንብቢው። ርሆቦት በስልኳ አንስታ የምትልክልሽ ስለሆነ ቀድማ ታነበዋለች። ከእሷ የሚደበቅ የቀረኝ ነገር የለም።

ከደሴቱ ስመለስ ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አንብባው ነበርና ተቆጥታለች። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ «አባዬ፣ ዛሬ እኔ ፊት ነው የሚሰሙት» ብላ ስልኳን ከፊቴ አስቀመጠችው። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥሁ። ቆይታ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ትላለች» አልኋት።

«ማን?»

«ሴቷ ናታ! ማን ልትሆን ነው?»

«አባዬ፣ ስልኩኮ እሱ እንደጨረሰ፣ እሷ ሳትጀምር ነው ባትሪው አልቆ የጠፋው።»

መጀመሪያ ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ ተወች። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አፏን አጥርታ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ነገርኋት። ላንቺም እንደነገርኋት እጽፈዋለሁ። በቅዳሴ ጊዜ ቃጭሉን የሰማሁበትን የመጨረሻ ዓመት አላስታውሰውም፤ ሰው ሲሰግድ አይቼ እሰግዳለሁ። ወፍራም ድምፅ እሰማለሁ። ቀጭን ድምፅ ሲሆን አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚመጣልኝ የለም፤ ርሆቦት የምትለኝንም ከከንፈሯ ነው የማነበው። ትልልቆቹን ተማሪዎች በጆሮዬም በዐይኔም አድርጌ አርማቸዋለሁ፤ ዜማ የሳተ ሰው ትከሻው ይነግርሻል። ድምፃቸው ያልጎረነነውን ትንንሾቹን ግን ለመምህር ወልደ ሐዋርያት ሰጠሁት። ጉልበቴን አሞኝ መቀመጥ አልቻልሁም አልሁት።

«ታዲያ ወንዛዬ የሚመላለሱት ለጉልበትዎ አይደለም?»

«ለጆሮዬ ነው።»

«ጆሮዎን ነው እንዴ የሚነክሩት?»

ይህን ስትል እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ቁጣዋ አልበረደም። «ያቺ ልጅ እናቷን ነው የጠየቀችዎ፤ የመምህርነት ወንበርዎን አይደለም። ምነው አልሰማም ቢሏት ምን ያደርግዎታል?» አለችኝ። ሥራዬ መስማት ነው። አልሰማም ያልሁ ቀን ጉባኤው ይዘጋል፤ ተማሪዎቹም ይበተናሉ። ይህን ፈርቼ ነው ላንቺም ያልተናገርሁት። ካሴቱ ተበልቷል ያልሁሽም ለዚህ ነው፤ የሱን ሰማሁት፣ በሷ ቦታ ግን የክራሩን ወፍራም ክር ብቻ ነው የሰማሁት።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ ርሆቦት አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። የዘፈኑን ግጥም ጽፋ፣ ከየቃሉ በላይ የዜማውን ምልክት አስቀምጣበታለች። ድምፁ የሚወድቅበት ድፋት፣ የሚንቀጠቀጥበት ርክርክ፣ የሚያቆምበት ቁርጥ፣ ሁሉም አለበት። እኔ አላስተማርኋትም። ልጅ ሳለች ድጓዬን ገልጣ፣ እኔ ከማዜመው ጋር እያስተያየች ለብቻዋ ያጠናችው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ የቅዱስ ያሬድን ምልክት ዘፈን ላይ?» አልሁ።

«በእርሳስ ነው የጻፍሁት፤ ሲጨርሱ ይጥፋ።»

መነጽሩን አድርጌ አነበብሁት። ወረቀት ላይ ያለ ዜማ ለእኔ ጆሮ አይፈልግም፤ ሳየው ውስጤ ይዜማል። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ሁለት ምልክት አረምሁላት። የጥዑመ ልሳንን ቤት አልፌ ወደ ሴቷ ስመጣ አንድ የማይሆን ነገር አየሁ። ግጥሙ «ወደቡ ዳር ቆሜ ስጠብቅ መሸብኝ» ነው። እሱ ቀጥ ብሎ ያልፈዋል። እሷ ላይ ርሆቦት «ወደቡ ዳር ቆሜ ስጠ» ብላ ጽፋ ቁርጥ አድርጋበታለች። ከዚያ «ዳር ቆሜ ስጠብቅ መሸብኝ» ብላ ቀጥላለች። በቃል ወገብ ላይ ቁርጥ የሚያደርግ የለም።

«ይህን ተሳስተሻል።»

«አልተሳሳትሁም፤ እንደዚያ ነው የምትለው።»

«ካሴቱ ዘልሎ ነው። ሥርጉትም ጽፋለች።»

«ካሴት ሲዘል ክራሩንም ይዞ ነው የሚዘለው፣ አባዬ። ክራሩ አልዘለለም። እሷ ብቻ ናት ተቆርጣ ሁለት ቃል የተመለሰችው።»

ቁርጡን በጣቴ ይዤ ደግሜ አነበብሁት። አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢ።

አባታችን ሲያስተምሩ፣ ተማሪ የሳተ እንደሆነ ከመጀመሪያው አያስጀምሩትም ነበር። ቃሉ አፉ ውስጥ እያለ በሽመላቸው መሬቱን መትተው ያቆሙታል፤ «ሁለት ቃል ወደኋላ» ይሉታል። ልጁም ሁለት ቃል ተመልሶ አስተካክሎ ያልፋል። ሌላ ጉባኤ ቤት እንዲህ አያደርጉም፤ የእሳቸው ልማድ ነው። ሽመሉ መሬቱን ስቶ እግር ላይ የሚያርፍበትም ጊዜ ነበር።

እናትሽ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ጌሾ ታሰጣ ነበር። ሴት ልጅ አይገባም፤ ማዳመጥን ግን የከለከላት የለም። በጭቃው ስንጥቅ በኩል የሰማችውን እየያዘች ብዙውን ድጓ በቃሏ አወቀችው። ውስጥ ሆኖ የሚማረው ተማሪ መመለሱ እርማት መሆኑን ያያል፤ ሽመሉንም ያየዋል። እሷ የምትሰማው ቃል መቆረጡንና መመለሱን ብቻ ስለሆነ ዜማው እንደዚያ የሚሄድ መሰላት። በዚያን ጊዜ አብዝቶ የሚሳሳተው ደግሞ ጥዑመ ልሳን ነበር። እሱ የሳተበትን ሁሉ እሷ ዜማ አድርጋ ያዘችው።

አንድ ቀን በታንኳ ደንገል ልናጭድ ስንሄድ ስታዜም ሰማኋት። ሆዴን ይዤ ሳቅሁባት። «አንቺ ሞኝ፣ ተሳስቶኮ ነው የሚመለሰው!» አልኋት። እሷ ግን «ይሳሳት። ሲመለስ ያምራል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አውቃም አልተወችውም። እኔን ለማናደድ ተረት ስታወራ እንኳ ቃል ቆርጣ ትመለስ ነበር። አባታችን አንድ ጊዜ ሰምተዋት ፊታቸውን አዙረው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

ጥዑመ ልሳን ያን ለሌላ ሴት አስተምሮ ይሆን ብዬ አሰብሁ። አያስተምርም። እሱ ያንኑ ስንኝ ሲል ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ እግሩ ሽመሉን ያስታውሳል። ከውስጥ የተማረ ሰው አሳምሮ እንዲያ ሊሳሳት አይችልም። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ሌላ ሴት አልነበረችም።

ስለዚህ ከጥር ጀምሮ የጠየቅሽኝ ቃል ይኸው። ናት።

ሰምቼ ግን አይደለም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ርሆቦት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ደግማ ደጋግማ ሞከረች። የሱ ቤት ያልቃል፣ ክራሩ ይቀጥላል፣ ከዚያ የሱ ድምፅ ይመለሳል። እዚያ መካከል አደይ እየዘፈነች እንደሆነ አውቃለሁ። ወረቀቱን ይዤ በየቃሉ ላይ በጣቴ እከተላታለሁ። አልመጣችልኝም። ያን ጊዜ በየሻይ ቤቱ ደጃፍ ሳልፍ ጆሮዬ ደህና ነበር።

ጆሮ ውስጥ የሚከተት መሣሪያ አለ ብለሽ እንዳትልኪልኝ። ማኅሌት ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር አላደርግም። ለመምህር ወልደ ሐዋርያት ግን እውነቱን ነግሬዋለሁ። «ትንንሾቹን ከሰጡኝ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ጉልበቱን የታመመ ሰው እንደርስዎ አይሰግድም» አለኝ።

ካፖርቱ ልክ ነው።

አጎትሽ
ፍሬ ስብሐት


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ፣ ለመሪጌታ ፍሬ ስብሐት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ፤ ወንበርዎን አያጉድልብዎ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ ተራዬን ስጠብቅ ነው ያነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ዘፈኑን ከፈትኩ። አጎቴ፣ እዚያች ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ምን አደርግ እንደነበር ልንገርዎት? ካሴቱ የሚዘልበት ነው እያልኩ በጣቴ አሳልፈው ነበር። ለልጆቼም «እዚህ ጋ ተበላሽቷል፣ ዝለሉት» ብያቸዋለሁ። እናቴን አገኝባታለሁ ብዬ ስንት ወር የሰማሁት ዘፈን ላይ፣ እሷ ራሷ ያለችበትን ቦታ እየዘለልኩ ነው የሰማሁት። ስሜቴ ምን እንደሆነ አላውቅም። መሳቅም ማልቀስም ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ንዴት ነው።

በእርስዎም ላይ ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ወጥቶልኛል ብል ውሸት ይሆናል። ጆሮዎን ስለደበቁ አይደለም። «ተይው» ስላሉኝ ነው። አልሰማም ቢሉኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ ርሆቦት ወረቀቷን ትጽፍ ነበር። ያለፈው አለፈ፤ ለእኔ ግን ገና ማለፉ ነው።

በጥር፣ ለጥምቀት በዓል ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ርሆቦት የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልዎታለች። መሣሪያው ከጥምጥምዎ ሥር የሚገባ ትንሽ ነገር ነው፣ ማኅሌት ላይ የሚያየው የለም። ቢቆጡ እኛም ተቆጥተናል፤ እኩል ነን።

ሐኪሙ ምንም አይደረግለትም ቢል ደግሞ ሌላ ያሰብኩት አለ። የእኔ ድምፅ ወፍራም መሆኑን ጽፌልዎት ነበር። ወፍራሙን እሰማለሁ ብለዋል። ርሆቦት ምልክቱን በስልክ እያስተማረችኝ ነው። ርክርኩ ገና አልመጣልኝም፣ ልጆቼ ክፍላቸውን ዘግተው ይገባሉ። እስከ ጥር የእናቴን ቤት እይዘዋለሁ። ሐይቁ ዳር እንቀመጥና በእኔ ድምፅ እልልዎታለሁ። ቀጭን አይሆንም፣ እሷንም አይመስልም። አካሄዱ ግን የእሷ ይሆናል።

ሌላውን ሁሉ እንደ ተማሪዎ ያርሙኝ። «ስጠ» ብዬ ቆርጬ ሁለት ቃል ወደኋላ ስመለስ ግን ሽመልዎን እንዳያነሱብኝ።

የአደይ ልጅ
ሥርጉት